ጥርሷን የምታሳየው የድንጋይ ሴት

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። ተረቱ አጭር ነው፤ የረዘመው መንገዱ ነው።

በክመሮች አገር፣ የጥንት ነገሥታት የሠሯቸውን ቤተ መቅደሶች ጫካ በዋጠው ምድር፣ ቪቦል የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ነበረ። ሚስቱ ቴቪ በዝናቡ ወራት ሞተችበት። ማሊስ የምትባል አንዲት ልጅ ቀረችለት።

አንድ ቀን ማሊስ ሩዟን ሳትጨርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ፓ» አለች። አባቷን እንዲህ ነው የምትጠራው። «የእማዬ ሳቅ እንዴት ነበር?»

ቪቦል ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አየ። በሁሉም ላይ ቴቪ አፏን ገጥማለች። ፍንጭት ነበረች፤ ታፍርበት ስለነበር ካሜራ ባየች ቁጥር ጥርሷን ትደብቃለች።

«ጠፋብኝ» አለች ማሊስ። «ትናንት ነበረኝ። ዛሬ ብፈልገው የለም።»

ቪቦል አንድ ነገር ትዝ አለው። በትልቁ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ብዙ የድንጋይ ሴቶች ተቀርጸዋል። ሁሉም አፋቸውን ገጥመው ፈገግ ይላሉ፤ አንዷ ብቻ ጥርሷን ታሳያለች። ቴቪ «እህቴ ናት» ትላት ነበር። ይህን ለማሊስ ነገራት።

«እሷን ልያት» አለች ማሊስ። የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ጎረቤታቸው ሳምባት አስጎብኚ ነው። «እኔ ልውሰዳችሁ» አለ።

«አንተ የንጉሥ ስም ስትጠራ ሴቶቹን ታልፋቸዋለህ» አለችው ማሊስ። «ራሳችን እንሄዳለን።»

«እሺ፣ መሪዬ። መንገድሽን ንገሪኝ እስቲ» አላት ሳምባት።

ማሊስ ጣቷን እያጠፈች ነገረችው። «ጠዋት ፊቱን ወደ ምሥራቅ ካዞረው ቤተ መቅደስ እንጀምራለን፤ ፀሐይ እዚያ ናት። ቀትር ላይ ዛፍ ወደ በቀለበት ቤተ መቅደስ እንገባለን፤ ጥላ አለው፤ ምሳ እንበላለን። ትልቁ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ስታርፍ እንደርሳለን።»

«ልክ ነሽ፤ ጥላ ሲሆን ጥርሷ አይለይም» አለ ሳምባት። «እኔንም ከእንጀራዬ ልታፈናቅይኝ ነው።»

በማግስቱ አባትና ልጅ በአንድ ብስክሌት ወጡ። የምሥራቁን አዩ። ዛፍ የበቀለበት ገብተው ሩዝና ሙዝ በሉ። ሊወጡ ሲሉ ጠባቡ የድንጋይ በር ላይ አንድ የውሃ ጎሽ ተጋድሞ አገኙ።

«ዞረን በሌላው በር እንውጣ?» አለ ቪቦል።

«ዞረን ስንደርስ ፀሐይ ትጠልቃለች።»

«ነገ ብንመጣስ?»

«ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠፋብኛል» አለች ማሊስ።

ቪቦል ወደ ጎሹ ቀረበ። «አያ ጎሽ፣ እባክህ ከበሩ ተነስልን። ማሊስ የምትስቀዋን ሴት ሳታይ ልትቀር ነው።»

«ድንጋዩ ቀዝቃዛ፣ ሆዴ ሙሉ፤ ምን አስነሳኝ?» አለ ጎሹ። ዓይኑን ጨፈነ።

ጎሹ ጀርባ ላይ ነጭ ወፍ ቆማለች። «እመት ወፍ፣ ጆሮውን ውጊልኝ። ጎሹ ከበር አልነሳ አለ፤ ማሊስም የምትስቀዋን ሴት ሳታይ ልትቀር ነው።»

«ዝንቤን የምለቅመው ከዚህ ጀርባ ላይ ነው» አለች ወፏ። «ለአንተ ብዬ ገበታዬን ልገልብጥ?»

ቅርንጫፍ ላይ ጦጣ ተቀምጣለች። «እመት ጦጣ፣ ወፏን አባሪልኝ። ወፏ ጆሮ አልወጋ አለች፤ ጎሹ ከበር አልነሳ አለ፤ ማሊስም የምትስቀዋን ሴት ሳታይ ልትቀር ነው።»

«ሙዙን ስትበሉ አይቼአችኋለሁ» አለች ጦጣዋ። «አንድ እንኳ ወደ ላይ አልወረወራችሁም። አሁን እመት ጦጣ ሆንኩ?»

ጦጣዋን የተሸከመው ዛፍ ሥሩን በግድግዳው ላይ አውርዶ ነበር። «አባባ ዛፍ፣ ጦጣዋን ጣልልኝ። ጦጣዋ ወፍ አላባርር አለች፤ ወፏ ጆሮ አልወጋ አለች፤ ጎሹ ከበር አልነሳ አለ፤ ማሊስም የምትስቀዋን ሴት ሳታይ ልትቀር ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ይህን ግድግዳ አቅፌ ነው የምኖረው» አለ ዛፉ። «ለቀቅ ባደርገው ይፈርሳል፤ እሱ ከፈረሰ እኔም እወድቃለሁ። በራሴ ተወዛውዤ አላውቅም። የሚያወዛውዘኝ ነፋስ ነው፤ እሱን ለምነው።»

ነፋሱ ኩሬው ዳር ሣሩ ላይ ተኝቷል። «ጌታው ነፋስ፣ ዛፉን አወዛውዝልኝ። ዛፉ ጦጣ አልጥል አለ፤ ጦጣዋ ወፍ አላባርር አለች፤ ወፏ ጆሮ አልወጋ አለች፤ ጎሹ ከበር አልነሳ አለ፤ ማሊስም የምትስቀዋን ሴት ሳታይ ልትቀር ነው።»

«አልነሳም» አለ ነፋሱ። «ተቀይሜአለሁ። ሩዝ ከገለባ በሚለይበት ጊዜ አንዲት ሴት በፉጨት ትጠራኝ ነበር። ፉጨቷ በጥርሷ መሃል ያልፍና መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰበራል። ለእሷ ስል ከሩቁ ሐይቅ ድረስ እየሮጥኩ እመጣ ነበር። ዘንድሮ ሳትጠራኝ ቀረች።»

ቪቦል ማን እንደሆነች ገባው።

«ሞታለች» አለ። ይህን ቃል በማሊስ ፊት አውጥቶት አያውቅም ነበር።

«የሌላውን መርዶ ሁሉ የማደርስ እኔ ነኝ» አለ ነፋሱ። «የእኔን ግን ማንም አላደረሰልኝም። እንግዲህ ጉልበትም የለኝም።»

እናም ነፋሱ ዛፍ አላወዛውዝ አለ፤ ዛፉ ጦጣ አልጥል አለ፤ ጦጣዋ ወፍ አላባርር አለች፤ ወፏ ጆሮ አልወጋ አለች፤ ጎሹ ከበር አልነሳ አለ፤ ፀሐይዋም ማንንም ሳትጠብቅ ቁልቁል ሄደች።

«እኔ ልጥራህ» አለ ቪቦል። ከንፈሩን አሞጥሙጦ ነፋ። አየር ብቻ ወጣ።

«ይሄ ፉጨት አይደለም፣ የፈነዳ ጎማ ነው» አለ ነፋሱ። «አንተ ጠጋኙ እንዴት አላወቅከውም?»

ቪቦል እንደገና ነፋ። አሁንም አየር።

«ፓ፣ ቆይ» አለች ማሊስ።

የላይኛው የፊት ጥርሷ በዚያው ሰሞን ወልቆ ነበር። ምላሷን ክፍተቱ ላይ አስጠግታ ነፋች። ምንም የለም። ምራቋን ውጣ ደግማ ነፋች። ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ ከፍ አለ፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰበረ።

ቪቦል ብስክሌቱን ለቀቀው። ብስክሌቱ ወደቀ።

ነፋሱ ከሣሩ ላይ ቀና አለ። «ማን ነሽ አንቺ?»

«የቴቪ ልጅ» አለች ማሊስ፣ ደግማም አፏጨች።

ያኔ ነፋሱ ተነሳ። ነፋሱ ዛፉን አወዛወዘ፤ ዛፉ ግድግዳውን ሳይለቅ ጦጣዋን ጣለ፤ ጦጣዋ እየጮኸች ወፏን አባረረች፤ ወፏ ደንግጣ የጎሹን ጆሮ ወጋች፤ ጎሹ «ምን ጉድ ነው» ብሎ ዘሎ ተነሳ፤ በሩም ተከፈተ።

«ውጣ፣ ፓ፣ ፔዳሉን ምታ!» አለች ማሊስ።

ቪቦል ፔዳሉን መታ። ነፋሱ ከኋላ ገፋው። ጎብኚ የጫኑ ባለ ሦስት እግር ባጃጆችን ሁሉ እያለፉ፣ ማሊስ ከፊት ተቀምጣ እያፏጨች፣ ትልቁ ቤተ መቅደስ ደረሱ።

ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ነበረች። በሴቶቹ ፊት በተራ አለፉ። አፏን የገጠመች። አፏን የገጠመች። አሁንም አፏን የገጠመች። ማሊስ ቆመች።

የድንጋይዋ ሴት ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች።

ማሊስ ትክ ብላ አየቻት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ሳብ አደረገችው፤ ከዚያ ጣቷን አነሳች። ሳቁ ግን እዚያው ቀረ።

«እንዲህ ነበር፣ ፓ?»

ቪቦል ልጁን አየ። ድንጋይዋን አላየም። «እንዲህ ነበር» አለ።

«አገኘሁት» አለች ማሊስ።

ፀሐይዋ ግድግዳውን ለቀቀች፤ የድንጋይዋ ሴት ጥርስ ጨለማ ውስጥ ገባ። ማሊስ ዞራ እንኳ አላየችም፤ እየሳቀች ወደ ብስክሌቱ ትሄድ ነበር።

«መሪዬ» አላት ቪቦል፣ «ነገስ ወዴት ነን?»

«ነገማ ትምህርት ቤት ነው፣ ፓ።»

ተረቱን ሰጠኋችሁ፣ መንገዱንም አሳየኋችሁ፤ የቀረው ፔዳሉን መምታት ነው።