በብርጭቆ ውስጥ የሰመጠችው መርፌ

አንድ አስተማሪ ነበረ። ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ቆላ አገር ሁለተኛ ክፍል ያስተምር ነበር።

ቁጭ በል እንጂ መምህር አለኸኝ፤ ከጥያቄህ አልሸሸሁም። «አላውቅም ያለ አስተማሪ ተማሪ ፊት ይከበራል ወይ?» ነው ያልከኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ጠመኔ ስፈጭ የኖርኩ ሰው ነኝና አዎ ወይም አይ ብዬ ብሸኝህ ደስ ይልህ ነበር። ግን አውቅሃለሁ፤ መልስ ተቀብለህ በኪስህ ከተህ ትሄዳለህ፣ ከኪስህም አታወጣውም። ስለዚህ የዚያን አስተማሪ ነገር ልንገርህ። እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ይህ አስተማሪ በመጀመሪያው ዓመት እንደ ማናችንም ነበር። እሱ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። አንድ ቀን «ውሃ ከላዩ እንደ ስስ ቆዳ የሚሆን ነገር አለው» ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ የገጽ ውጥረት ይለዋል፤ ስሙ ለልጆቹ ቀርቶ ለእሱም ከበደው። ሰባ ሁለቱም ልጆች ገለበጡ፣ በአንድ ድምፅ አነበነቡ፣ እሱም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ አንዷን ተማሪ አስነሥቶ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቃት፣ «ቲቸር፣ ቆዳ ካለው ማን ገፍፎት ያውቃል?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እሱ አልሳቀም። ልጅቷ እኮ እውነቷን ነው፤ ፍየል ሲገፈፍ አይታለች፣ ውሃ ሲገፈፍ አላየችም። ከዛሬ ወዲያ ያላዩትን አላስገለብጥም ብሎ ቆረጠ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አንድ ክፍለ ጊዜ በእጅ የሚሠራበት ሆነ። ዕቃው ምን መሰለህ? ከየቤቱ የተለቀመ የድልህ ጣሳ፣ ቆርኪ፣ የልብስ መርፌና ቁራጭ ሶፍት፣ ሌላ የለም። ልጆቹ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ለአራት አንድ ጣሳ ነው። ቆርኪ ውስጥ ውሃ በጠብታ እየጣሉ ስንተኛዋ ጠብታ ላይ እንደሚፈስ ይወራረዳሉ። ሞላ ካሉት በኋላ ውሃው ከጠርዙ በላይ ጉብ ብሎ ሲቆም ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። ከዚያ መርፌዋን በሶፍቱ ላይ አስተኝተው ሶፍቱን ውሃው ላይ ያኖሩታል። ሶፍቱ ይርስና ይሰምጣል፣ መርፌዋ ብረት ሆና ሳለ ከላይ ትቀራለች። ቀረብ ብለህ ካየህ ውሃው ከሥሯ ጎድጎድ ይላል፣ ሰው እንደተኛበት ጠፍር አልጋ። ያቺ ልጅ ይህን ያየች ዕለት «አየሁት፣ ቆዳውን አየሁት» ብላ እስከ ደጃፏ ድረስ ስትሮጥ ሄደች አሉ።

ችግሩ ግን ውሃው ነው። የዚያ አገር ምንጭ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ልጆቹ ውሃውን ከቤታቸው በኮዳ ያመጡታል፤ እናት ከእንስራዋ ቀንሳ ነው የምትሰጠው። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ቆጣ ያሉ ገበሬ ነበሩ። ልጆቻችንን ለፊደል ላክናቸው እንጂ ለውሃ ጨዋታ አልላክናቸውም ብለው ለርዕሰ መምህሩ አመለከቱ። አልፈርድባቸውም። እኔም አህያዬን ነድቼ ያመጣሁት ውሃ በቆርኪ ጠብ ጠብ ሲል ብሰማ እጮህ ነበር። ርዕሰ መምህሩም አስተማሪውን ጠርተው ነገሩን በአጭሩ ቆረጡለት። በወላጆች ቀን ወላጅ ፊት ታሳያለህ፤ ጥቅሙ ከታያቸው ዓርብ ይቀጥላል፣ ካልታያቸው ያ ክፍለ ጊዜ ወደ ግልበጣው ይመለሳል አሉት። ልጆቹም ይህን ሰሙ። ሰባ ሁለት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ መርፌ ሲያስተኛ ሰነበተ፤ እስከ ዋዜማው ድረስ አንዷም አልሰመጠችባቸውም።

አሁን እትዬ አትጠገብ ይምጡ። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ያን አስተማሪ እንደ ልጃቸው ይወዱታል። በወላጆች ቀን ማለዳ ክፍሉን ሊጠርጉ ቢገቡ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት ፊት ለፊት ዝገት የበላው የድልህ ጣሳ ተደርድሯል። ልባቸው አልቻለም። ለእንግዳ የሚቀርብ ዕቃ የባለቤቱ ስም ነው፣ አንተም ታውቃለህ። ጣሳዎቹን ሰብስበው ከክፍሉ ጀርባ ጣሏቸውና፣ ለድግስ ካልሆነ የማይወጣ ብርጭቆ ከየጎረቤቱ ለምነው አመጡ። በዱቄት ሳሙና ፈትገው አጠቧቸው። ማለቅለቂያ ውሃ ግን ከየት ይምጣ? እዚያ አገር ሴት ብርጭቆ ስታለቀልቅ ያችኑ አንድ ጉንጭ ውሃ ከአንዱ ወደ አንዱ እየገለበጠች ነው። እትዬ አትጠገብም አሥራ ስምንቱን በአንድ ስኒ ውሃ አዳረሱ፤ በዚያው አረፋ በነካው ጨርቅም ወለወሏቸው። ብርጭቆዎቹ ዓይን እስኪወጉ አበሩ፣ ሳሙናው ግን እላያቸው ላይ ደርቆ ቀረ። ሳሙና ያንን የውሃ ቆዳ እንደሚያልፈሰፍሰው እሳቸው በምን ይወቁት? አስተማሪውም አያውቅም ነበር። ገብቶ ሲያይ ደስ አለው፤ አስከበሩኝ ብሎ አመሰገናቸው።

ወላጆች መጡ፣ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ከፊት ናቸው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው። ልጆቹ ያመጡት ውሃ ሁሉ በብርጭቆዎቹ ተቀዳ፣ በኮዳ የቀረ ጠብታ የለም። የመጀመሪያዋ ልጅ መርፌዋን አስተኛች። ሰመጠች። ሁለተኛው አስተኛ፣ እሱም ሰመጠችበት። አስተማሪው ራሱ ቀርቦ አስቀመጣት፤ ከሶፍቱ ጋር ዥው ብላ ወረደች። አሥራ ስምንት ብርጭቆ፣ አሥራ ስምንት መርፌ ከሥር። ከወላጆቹ መሃል ሳቅ ተሰማ። አንዲት እናት ለጎረቤቷ፣ ይህን ውሃ ለበግዬ ባጠጣው ይሻለኝ ነበር አለቻት። ልጆቹ አስተማሪያቸውን አዩት፤ አንዳንዶቹ ማልቀስ ጀምረዋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ? ትናንት ሠርቶ ነበር ይላል። እኔ ራሴ ስንቴ ብያለሁ። ትናንት ግን መጥቶ አይመሰክርልህም። አለዚያ ደግሞ ልጆቹን ይቆጣል፣ እጃችሁ ከባድ ነው ብሎ በእነሱ ያሳብባል። ይህ ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ እንደነበር አስተማሪው በኋላ ሲናገር ሰምቻለሁ። ሰብሳቢው ብድግ አሉና «መምህር፣ ይብቃን መሰለኝ» አሉት። እሱ ግን ከሰሌዳው ሥር ተነሥቶ ሄደና ከልጆቹ መሃል መሬቱ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ለምን እንደሰመጠች አላውቅም» አለ፣ ከኋላ ያለው ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «እናንተም አታውቁም። እንፈልገው።»

ርዕሰ መምህሩ በሃፍረት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰብሳቢው እንደቆሙ ቀሩ። ጥቂት ቆይቶ አንድ እጅ ተነሣ፣ ከዚያ ሌላ። መርፌዋ ናት አለ አንዱ ልጅ። አንዲት እናት ነጠላዋ ላይ የሰካቻትን መርፌ ነቅላ ሰጠች፤ ያችም ሰመጠች። እንግዲያው መርፌዋ አይደለችም። እጅ ነው አሉ። ከክፍሉ ሁሉ እጇ ቀላል የሆነችው ልጅ መጥታ ሞከረች፣ አልሆነም። ውሃው ነው አሉ። ከየት ቀዳችሁ ተባሉ፣ ያው ከዚያችው ምንጭ ነው፣ ከዚያው እንስራ። አስተማሪው በየመሃሉ «አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ» ይላቸዋል፤ ሁለት ነገር በአንዴ ከለወጣችሁ ጥፋተኛው ያመልጣችኋል እያለ። በመጨረሻ ያቺ ስለ ቆዳው የጠየቀችው ልጅ ቀና ብላ፣ ዕቃው ነዋ፣ ጣሳችንስ የታለ አለች።

ሁለት ልጆች ሮጠው አንዱን ጣሳ ከክፍሉ ጀርባ አመጡት። ውሃ ግን አልቋል። ያለው ለእንግዶች መጠጥ የተቀመጠ እንስራ ብቻ ነው፣ እሱም ለሰው አንድ አንድ ኩባያ ተብሎ የተመጠነ። አስተማሪው ሄዶ የራሴን ድርሻ ስጡኝ አለ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ከማለዳ ጀምሮ ጉንጭ ውሃ አልቀመሰም። ኩባያውን ተቀብሎ ጣሳው ውስጥ ገለበጠው። ያችኑ የሰመጠችውን መርፌ በኮቱ ጫፍ አደረቃትና አስተኛት። ሶፍቱ ወረደ። መርፌዋ ቀረች።

ልጆቹ ሊፈነጥዙ ሲሉ ሰብሳቢው በዱላቸው መሬቱን መቱ። አላመኑም። ቀርበው አጎነበሱና ጣሳውን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ። ጣሳም ብረት፣ መርፌም ብረት፣ ዘመድ ዘመዱን ደግፎ ይሆናል አሉ። ሰው ሳቀ። አስተማሪው ግን ነገሩን ከልቡ ያዘው፤ ሊሆን ይችላል አባቴ፣ እንዴት አድርገን እንወቅ አላቸው። ሰውዬው እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፣ ጢማቸውን ይዘው ማሰብ ጀመሩ።

ይህን ጊዜ እትዬ አትጠገብ ከበሩ ሥር ወደ መሃል ገቡ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በሳሙና አጥቤ፣ ለውሃው ሰስቼ በደንብ አላለቀለቅሁትም።» ሊያስከብሩት አስበው ልጃቸውን ያዋረዱ መስሏቸዋል። አስተማሪው ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳማቸው። ከዚያ ወደ ወላጆቹ ዞረና አሁን ሁለት ነገር በእጃችን አለ አለ። ወይ ብርጭቆ መሆኑ ነው፣ ወይ ሳሙናው ነው። ለመለየት አንዱን ብርጭቆ ሳሙናው እስኪለቀው ማለቅለቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ድርሻዬን ጨርሻለሁ።

ማን መለሰ መሰለህ? እኒያው ስለ ውሃ የከሰሱት ሰውዬ። «የኔን አምጡ» አሉ።

መጣላቸው። አንዱን ብርጭቆ አነሡና በገዛ እጃቸው አለቀለቁት፣ ውሃውን ደፉ። ደግመው አለቀለቁት፣ ደፉ። ኩባያው አለቀ። ወደ ሚስታቸው ዞረው እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷም ፍቅር ይሁን ጉጉት እንጃ፣ ድርሻዋን አቀበለቻቸው። በግማሹ ሦስተኛ አለቀለቁና በቀረው ብርጭቆውን ሞሉት። መርፌዋን ለመያዝ ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ያቺ ልጅ አስተኛችላቸው። ሶፍቱ ሰመጠ፣ መርፌዋ በብርጭቆው ውሃ ላይ ተኛች። ሰውዬው ግን በዚህ አልበቃቸውም። እትዬ አትጠገብን ጠሩና ጣትሽን ከሳሙናው አስነክተሽ ውሃውን ንኪልኝ አሏቸው። እሳቸውም በስጋት ጫፉን ነኩት። መርፌዋ በዚያች ቅጽበት ወረደች።

ሰብሳቢው የደፉት ውሃ ያረሰውን መሬት ለአፍታ ተመለከቱ፤ ጠምቷቸዋል፣ ድርሻቸውም የለም። ከዚያ አስተማሪውን ቀና ብለው አዩትና «ዓርብ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?» አሉት። ዓርብ የተረፈው እንዲህ ሆኖ ነው።

እንግዲህ አለኸኝ፣ ያ የሚያበራው ብርጭቆ አንተ ነህ። ቅር አይበልህ፣ እኔም ብዙ ዘመን ነበርኩ። ልጆቹ ፊት ጉድፍ እንዳይታይብን እንታጠባለን፣ እንወለወላለን። የሚያየን ያደንቀናል፤ አንድ ልጅ ጥያቄውን ሲያኖርብን ግን ጥያቄው ይሰምጣል። አላውቅም የሚል አስተማሪ ጣሳው ነው። ዝገቱ ይታያል፣ የተኛበትን ግን ይሸከማል። ይከበራል ወይ ነው ያልከኝ? እኒያ ገበሬ አስተማሪው የሚያውቅ ሆኖ በተቀመጠበት ሰዓት ዓርቡን ሊዘጉበት ተነሥተው ነበር። አላውቅም ካለ በኋላ ግን የሚጠጡትን ውሃ አፈሰሱለት። ከዚህ የበለጠ ክብር ካወቅህ ንገረኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ይህ ጥያቄ ከሜዳ አልመጣብህም። አንድ ልጅ አንድ ነገር ጠይቆህ መልሱ ጠፍቶሃል። ምን አልከው?

አየህ፣ አንገትህን ደፋህ። ልጁን «ቁጭ በል፣ ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» ብለህ አስቀመጥከው፣ አይደል? ከዚያ ቀን ጀምሮም እጅ አላወጣም። በል ሰኞ ግባና በስሙ ጠርተህ አስነሣው። ጥያቄውን በሁሉም ፊት ይድገመው። ቀጥለህ «እኔም አላውቅም፣ እንፈልገው» በል። ይስቁብህ ይሆናል፤ ይሳቁ፣ ሳቅ ያልቃል። ያ ልጅ እጁን መልሶ እስኪያወጣ ድረስ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘህ ወደ እኔ እንዳትመጣ።