ሐጂ ጀውሀር ያልገዙት ጀልባ

ከቀድሞ የባሕር ጠረፍ ከተሞች በአንዷ፣ ስሟን ብደብቅባት በማትቀየመኝ፣ ሐጂ ጀውሀር የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፣ ሶላታቸው ወቅቱን አያልፍም፣ በገበያ መካከል «ወላሂ» ሲሉ የሰማቸው የለም። ሳይምሉ ይታመኑ ነበር። እኛ ዛሬ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመሸጥ የአላህን ስም ስንት ጊዜ እንደምንጠራ እናንተው ታውቃላችሁ።

አንድ ክረምት ማዕበል ጀልባቸውን ከዓለት ጋር አላትሞ ሰባበረባቸው። ባሏ የሞተባት ልጃቸው ኸድራ ከነልጆቿ የምትኖረው በእሳቸው ነበር፤ ጀልባ የለም ማለት ለዚያ ቤት እራት የለም ማለት ነው። ሐጂም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያገለገለ ጀልባ ፍለጋ ወጡ።

በዚያ ሰሞን ሩቅያ የምትባል ሴት የሟች ባሏን ሁለት ጀልባዎች ለመሸጥ አውጥታ ነበር። አንዱ ትንሽ ነው፣ ሁለት ሰው ይይዛል፣ ከዳርቻው ብዙ አይርቅም። ሌላው ትልቅ፣ ባለ ሸራ፣ ጥልቁ ድረስ የሚዘልቅ ነው፤ የሐጂን ቤት ሊያጠግብ የሚችለውም እሱ ነበር። የሚገርመው ትልቁ የሚጠየቅበት ዋጋ ከትንሹ አለመብለጡ ነው። የሩቅያ ባል ሰዒድ ከነሠራተኞቹ በዚያ ጀልባ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። የተመለሰው ጀልባው ብቻ ነበር። ቅንጣት ንፋስ በሌለበት ቀን፣ ሸራው ተጠቅልሎ፣ መረቡ ታጥፎ፣ ቀስ እያለ መጣና አሸዋው ላይ ቆመ። ውስጡ ማንም አልነበረም።

ቃዲው የሰዎቹን ሞት አጸና። ኢማሙም ስማቸውን ከነአባታቸው እየጠሩ ሰላተል ጋኢብ፣ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው የሚሰገደውን ሶላት፣ አሰገዱ። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ ሲመሽ በጀልባው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ጠፋ።

በዚያች ከተማ ያገለገለ ጀልባ የሚገዛ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ከዓስር ሶላት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ብቻውን ጀልባው ውስጥ ቁጭ ይላል። ሻጭም ደላላም አይጠጉትም። እንጨቱ ሲቀዘቅዝ ሲጥ ሲጥ ይላልና፣ ጆሮ ያለው ሰው የተሰነጠቀውን ሳንቃ ከጤነኛው ይለያል። ሐጂ ጀውሀር መጀመሪያ ትንሹ ውስጥ ተቀመጡ። ጤነኛ ነበር። በማግስቱ ትልቁ ውስጥ ገቡ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከኋላቸው ድምፅ ሰሙ። የሳንቃ ድምፅ አልነበረም። ቆርቆሮ ወለሉን ሲፍቅ፣ ከዚያም ውሃ ወደ ውጭ ሲደፋ ነው። ጀልባው ውስጥ የገባ ውሃ የሚጨልፍ ሰው የሚያሰማው ድምፅ ነው። ዞር ቢሉ ወለሉ ደርቋል። ጎንበስ ብለው ከታች ያለውን አሸዋ ዳሰሱት፤ እሱም ደረቅ ነው። ፍቅ፣ ደፋ። ፍቅ፣ ደፋ። በመካከሉ የደከመ ሰው ትንፋሽ ይሰማል። ሐጂ አያተል ኩርሲይን፣ ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርኣን አንቀጽ፣ ቀሩ፤ ድምፁ አልሸሸም። «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። ይኼኔ ጭለፋው ቆመ፤ ስሙ ሲጠራ የሰማ ሰው ቀና እንደሚል ዓይነት ዝምታ ሆነ። ሐጂ የሚጠሩት ስም አልነበራቸውም። ጥቂት ቆይቶ ጭለፋው እንደገና ጀመረ።

የሞተ ሰው ጀልባ ይጨልፋል እያልኩ አይደለም። ጂን ይሁን፣ ከአላህ የሆነ ማስጠንቀቂያ ይሁን፣ አላሁ አዕለም፣ አላህ ያውቃል። የደረሰኝን ነው የምነግራችሁ።

ሐጂ ከመግሪብ በኋላ ወደ ሩቅያ ቤት ሄዱ። ደላላው ነስሩ በር ላይ ተቀበላቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

«ሐጂ፣ ከእርስዎ በቀር የሚደፍረው የለም። ትልቁን በትንሹ ጀልባ ዋጋ ይውሰዱት፤ እሷም ትገላገላለች።»

ሐጂ አልፈውት ገቡ። «ሩቅያ ልጄ» አሉ፣ «ሰዒድ የወጣ ዕለት ውሃ የሚጨልፈው ማን ነበር?»

ሩቅያ አሰብ አደረገች። «አንድ እንግዳ ነበር፣ ሐጂ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከነሱ ጋር ሲሰግድ ግን አይቼዋለሁ። ጨላፊያቸው ታሞ ሲቀር ከዳርቻው ያገኙት ነው። ሲወጡ ሁሉም ጫማቸውን ዳርቻው ላይ ካለው ዳስ ሥር ትተው አይደል የሚሄዱት? ቤተሰብ የየራሱን ወሰደ። የሱ እስከዛሬ እዚያው ነው።»

«ስሙስ?»

«ማንም አልጠየቀውም፣» አለችና ፊቷን በሻርቧ ሸፈነች።

በጁምዓው ቀን ሐጂ ጀውሀር ከሰጋጆቹ ሶፍ መካከል ተነሡ። ስማቸው ለሚታወቅ ሰዎች እንደተሰገደ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ሙስሊም ግን ሳይሰገድለት እንደቀረ ተናገሩ። ኢማሙ ደነገጡ። «በማን ስም ልነይት፣ ማንን አስቤ ላሰግድ?» ቢሉ፣ ሐጂ «አላህ በሚያውቀው» አሏቸው። ተሰገደ። ብዙ ሰው አለቀሰ፤ በለቅሶው ውስጥ ሐፍረትም ነበረበት።

በዚያው ዕለት ዓስር ላይ ሐጂ ሽማግሌዎችን ይዘው ጀልባው ውስጥ ተቀመጡ። እስከ መግሪብ ከባሕሩ በቀር የተሰማ ነገር አልነበረም። ወሬው በከተማው ተዳረሰ፤ ፍርሃቱ ሲወጣ ዋጋው ገባ። አንድ ነጋዴ ትልቁን ጀልባ በሙሉ ዋጋው ወሰደው፣ ሩቅያም አባት አልባ ልጆቿን የምታሳድግበት አገኘች። ለዚያ ዋጋ አቅማቸው ያልደረሰው ሐጂ ትንሹን ገዙ።

ነስሩ በየቡና ቤቱ ሳቀባቸው። ኸድራ ግን አልሳቀችም፤ ተናደደች።

«አባ፣ ልጆቼ ዛሬም ሳይጠግቡ ነው የተኙት። ሶላቱን ማን ከለከለህ? መጀመሪያ ገዝተኸው፣ ከዚያ ብታሰግድለት ምን ነበረበት? ለሟቹ አንድ ነው!»

ሐጂ ጀውሀር መረባቸውን እየጠገኑ ነበር። መረቡን አስቀመጡት። የልጅ ልጆቻቸው ርሃብ እሳቸውንም ይቆርጣቸው ነበርና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ ለሟቹ አንድ ይሆናል» አሉ። «ገዝቼው ቢሆን ኖሮ ግን የምሰግደው ለጀልባዬ ነበር።»

እኔ ይህችን ንግግር ባሰብኩ ቁጥር የኸድራ ጥያቄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሸሪዓውም ሽያጩን አያፈርሰውም ነበር፤ የሚከሳቸው ሰው አይኖርም። ብዙዎቻችን በጎ ሥራን የምናዘገየው ልንተወው ፈልገን አይደለም። ጥቅማችን እስኪገባ ነው የምናቆየው፤ ከዚያ እንሠራዋለን፣ ሰውም ያመሰግነናል። በመካከሉ ግን አንድ የደከመ ሰው በደረቅ ጀልባ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይጨልፋል። እኛ ሒሳባችንን እስክንጨርስ እየጠበቀን ነው።