የመጨረሻውን ጎሽ የገደለው አዳኝ

አንድ ስመ ጥር አዳኝ ነበር፤ ጉርሙ ይባላል። በወጣትነቱ በመንደሩ ሜዳ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ጎሽ ገደለ። በዚያን ቀን ቅቤ ተቀባ፤ ተዘፈነለት። የመጨረሻው መሆኑን ግን እሱም ዘፋኞቹም አላወቁም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ረጅሙን ሣር የሚግጥ፣ ቁጥቋጦውን የሚሰባብር በመጥፋቱ ሜዳውን እሾህ ዋጠው። ከሜዳው ወዲያ ያሉት ከብት አርቢዎች ግጦሽ ሲያጡ ከብቶቻቸው ወደ ጉርሙ መንደር ማሳ ገቡ። ጠብ ተነሣ፤ የአርቢዎቹ አለቃ ወንድምም ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንደሮች ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም።

ጉርሙ በሸመገለ ጊዜ ይህን እያየ መቀመጥ አላስቻለው። ጎሾች ወዳሉበት፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው አገር ሄደና የአገሩ ሰው ሁሉ የሚሰማቸውን እመት ጌጤን ጥቂት ጎሾች እንዲሰጡት ለመናቸው።

"የእናንተዎቹስ የት ሄዱ?" አሉት።

"የመጨረሻውን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እመት።"

እመት ጌጤም እንዲህ አሉት፦ "ብትዋሸኝ ኖሮ ባዶ እጅህን እሸኝህ ነበር። እንሰጥሃለን። ግን ጎሽ የእናንተን ጠብ አያውቅም፤ በሁለታችሁም መሬት ይሄዳል። ሁለቱ መንደሮች አብራችሁ መጥታችሁ ውሰዱ።"

ጉርሙ በቀጥታ ወደ አርቢዎቹ አለቃ ቤት ሄዶ እመት ጌጤ ያሉትን ነገረው።

"ለአውሬ ብዬ ከወንድሜ ገዳዮች ጋር ልታረቅ?" አለው አለቃው።

 ጉርሙ ወደ መንደሩ ተመለሰና ሊታጨድ የደረሰውን የማሽላ ማሳውን አጥር አፈረሰ፤ የአርቢዎቹ የከሱ ከብቶች ገብተው በሉ። ጎረቤቶቹ አበደ አሉት። በሦስተኛው ቀን አለቃው ራሱ መጣ፤ ከማሳው ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየና "ሽማግሌዎቻችሁን ጥራ" አለ።

እርቅ ወረደ፤ ለሟቹ ቤተሰብም ካሣ ተሰጠ። ሁለት በጋ ሙሉ አብረው እሾህ መነጠሩ። ከዚያም አብረው ወንዙን ተሻገሩና ዐሥራ አራት ጎሾችን ከሩቅ እየተከተሉ፣ ሳያስደነግጡ፣ በዘጠኝ ቀን አመጡ። በመንገዱ ያሉ ገበሬዎች አጥራቸውን ከፈቱላቸው። ሣሩ ለመመለስ ግን ስድስት ክረምት ፈጀ።

ሜዳው በለመለመበት ዓመት ሁለቱ መንደሮች ለምስጋና ተሰበሰቡ። አለቃው ተነሥቶ ጉርሙን ሲያመሰግን ሽማግሌው እንባው መጣ።

"እኔን ተዉኝ፤ አመስጋኙ እኔ ነኝ" አለ። "ያጠፋሁት ብቻዬን፣ በአንድ ጥይት ነው። እናንተ ባትኖሩ ግን ዕድሜዬን ሁሉ ብለፋ አልመልሰውም ነበር።"

ወዳጄ ሆይ፤ ለማጥፋት አንድ ሰው ይበቃል፤ የጠፋውን ለመመለስ ግን የተጣላነውም ሰው ያስፈልገናል። ጥፋቱን ያመነ ሰውም እርዳታ የሚለምንበት አንደበት ያገኛል። አንተ ብቻህን ልትመልሰው ስትለፋ የኖርከው ነገር የለም? አብሮህ እንዲመልሰው ያልጠየቅኸውስ ማን ነው?