የቅኔ ማኅሌቱ ወለል

ትርንጎ ከእህቷ ጋር የምትታረቅበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ሁለቱ የተኳረፉት እናታቸው ታማ በተኛች ጊዜ ነው፤ ታናሽየዋ ሳትመጣ ቀረች፤ እናትየዋም ስሟን እየጠራች አረፈች። ትርንጎ ወደ አስታራቂው ሽማግሌ ወደ አቶ ወርቅአገኘሁ ሄዳ፣ «አባቴ፣ ያለፈውን ሳናነሳ ዝም ብለን ብንሳሳም ምን አለበት?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ይህን አጫወቷት።

አንድ ሰው ነበረ። ሙያው ድንጋይ ማንጠፍ ነው። እሱ ባነጠፈው ወለል ላይ ድንጋይና ድንጋይ የሚገናኙበት በጣት ተዳብሶ አይገኝም ይባልለት ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። ሠርቶ ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቀና ይልና፣ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር እንደ ልጁ ያየዋል።

በአገሩ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የቅኔ ማኅሌቱን ወለል ያነጠፈው እሱ ነው። ድንጋዩ ነጣ ያለ፣ ውሃ የሚጠጣ ነበር፤ እንዲህ ያለው ዘይትም ሆነ ሰም ከጠጣ አይለቅም። ስለዚህ በላዩ ማሸጊያ ቅባት ይቀባል። ከመቀባቱ በፊት ግን መታጠብ፣ ታጥቦም ውስጡ ድረስ መድረቅ አለበት። ሰውየው ለዚህ አምስት ቀን ፈለገ። የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ እሑድ ቅዳሴ ቤቱ ይከበራል፤ ጳጳሱም ይመጣሉ።

የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «ጥረገውና ቀባው፤ ካብረቀረቀ ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል?» አለው።

ሰውየው ቅር እያለው ጠረገ። በእርጥብ ጨርቅም አለፍ አለፍ እያለ ወለወለና ቀባው። ወለሉ አበራ። ሰዎች እየገቡ «እጅህ ይባረክ» አሉት። ከምርቃት ሁሉ የሚወደው ይህን ነው፤ ያን ቀን ግን አልጣመውም።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ገባ። ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ ወለሉን አግድም ትመታዋለች። ከቅባቱ ሥር የሲሚንቶ ውሃ የረገጠ የባዶ እግር ዱካ ይታያል፤ ጭጋግ ይመስላል፣ አምስቱ ጣቶች ግን ተለይተዋል። በጥፍሩ ፋቀው፤ አልደረሰበትም። እግሩን አጠገቡ አሳርፎ ለካው። የራሱ ነበር።

ማንም አላየውም፤ ምናልባትም ማንም አያየውም ነበር። እሱ ግን አየ። ልብሱን ሰብስቦ ተንበረከከና ቅባቱን በሚያለቅቅ ፈሳሽ እያራሰ ይፍቀው ጀመር።

ሰብሳቢው ደርሶ ራሱን ይዞ ቆመ። «ነገ እኮ ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ሰውየው ቀና ሳይል። «ከዚህ ሥር ያለው ግን ነገ የሚያልፍ አይደለም።»

ቀኑን ሙሉ አጠበ። በሎሚና በኮምጣጤ አይደለም፤ ያ እድፉን ሲያነሳ ድንጋዩንም ይበላዋል። በለስላሳ ሳሙናና በብሩሽ፣ በብዙ ውሃና በብዙ ትዕግሥት ነው ያጠበው።

እሑድ ጳጳሱ ሲገቡ ወለሉ ፈዟል፤ ውሃ የጠጣውም ቦታ ጠቋቁሯል። «ይህ ወለል ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው መሬት መሬት አየ። ሰውየው ግን ከሕዝቡ መካከል ወጣና፣ «አባታችን፣ ታጥቦ ነው። ሲደርቅ ይታሸጋል» አለ። በዕድሜው ብዙ የሚያበራ ወለል አስረክቧል፤ እንደዚያ ቀን ደረቱን ነፍቶ የቆመበት ግን የለም። ጳጳሱ ድንጋዩን በእግራቸው ጣት ነካ አደረጉትና፣ «እንግዲያው ይድረቅ» ብለው አለፉ። በሳምንቱ ድንጋዩ ነጣ፤ ታሸገም። ያ ወለል ዛሬም ድረስ እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነው።

አቶ ወርቅአገኘሁ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ዕርቅ ያ ቅባት ነው፣ ልጄ። ከተቀባ በኋላ ከሥሩ ያለው እዚያው ይቀራል። ዝም ብለሽ ብትስሚያት ሰው እልል ይላል፤ አንቺ ግን በሳምሻት ቁጥር በሆድሽ ‹ለምን ቀረች?› ትያለሽ። ከዕርቁ በፊት ለምን እንዳልመጣች ጠይቂያት፤ የሆድሽንም ንገሪያት። በኮምጣጤ ግን አይሁን።»

«ቢከፋትስ?» አለች ትርንጎ።

«ይከፋት ይሆናል። ውሃ የነካው ድንጋይም መጀመሪያ ይጠቁራል። የቀኑን ነገር ለእኔ ተዪው፤ ሽማግሌዎቹን እኔ አስታግሣቸዋለሁ። ሰው ‹እስካሁን አልታረቁም› ቢል ይበል። አንቺ ቀና ብለሽ ‹እየታጠብን ነው› በያቸው።»