የዘበኛው ንብረት

አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በመሥሪያ ቤቱ እንግሊዝኛ መማር ጀመረ። አስተማሪው አንድ ነገር የማን እንደሆነ ለመናገር ባለንብረቱ ይቀድማል፣ ጫፉ ላይ «ስ» ይጨመራል፣ ንብረቱ ይከተላል አሉት። እሱም «ለዚች ‹ስ› የሚሆን የፊት ጥርስ እንኳ የለኝ» እያለ በራሱ ይስቃል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ጓንጉል ወደ ትምህርቱ ክፍል መጡና «እንግሊዝኛ ያልቻለ ከሥራው ይሰናበታል» ብለው ዘበኛውን ለፈተና አስነሡት። እሱም በእንግሊዝኛ የአቶ ጓንጉል መኪና፣ የአቶ ጓንጉል ቪላ፣ የአቶ ጓንጉል ውሻ እያለ ደረደረ።

«የኔን ማን ጠየቀህ? የራስህን፣ የዘበኛውን ተናገር» አሉት።

ዘበኛው ራሱን አከከ። «ጌታዬ፣ ሕጉስ ገብቶኛል፤ ያጣሁት ንብረት ነው። በዚህ ግቢ በስሜ የሚጠራ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱንም የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ዕቃ ሲጠፋም፣ አምፖል ሲቃጠልም፣ ውሻዎ ሲታመምም ‹የዘበኛው ጥፋት› ይላሉ።»