ያለ ምርቃት የተላከ ቲማቲም

በአንድ ወቅት፣ ሐዲዱ ወደ ባሕር በሚወርድበት ቆላ፣ አንድ የቲማቲም ማሳ በጋራ የወረሱ ሦስት እህትና ወንድሞች ነበሩ። ታላቋ ኢፍቱ ታመርታለች፤ መካከለኛው ሰኢድ በሳጥን ያሽጋል፤ ትንሹ አብዶሽ በአይሱዙ ጭኖ ድንበር ተሻግሮ ወደቡ ላይ ያደርሳል። የጎረቤቶቻቸውም ቲማቲም የሚሄደው በዚያው መኪና ነበር።

አንድ ቀን የወደቡ ነጋዴ ሐጂ ወበሪ ደወሉ።

«ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ ቲማቲም አለ» አሉ። «አንዱ ከአንዱ አይለይም፣ አይፈርጥም። የእናንተ ሲደርስ ግማሹ ጭማቂ ነው። ቅርብ ሆናችሁ ከሩቁ መብለጥ እንዴት አቃታችሁ? የሚቀጥለው ጭነት እንዲህ ሆኖ ከመጣ ተለያየን።»

ከዚያ ወዲያ በቤቱ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ጠፋ። ሁሉም ቆሞ ይጎርሳል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል። ወደቡ ከተዘጋባቸው ማሳውን ለማን ብለው ያጠጡታል? የቅርቡ ከተማ ገበያ እንደሆነ በቲማቲም ተጥለቅልቋል።

መጀመሪያ የተነሳችው ኢፍቱ ናት። በአገሩ ልማድ ቲማቲም የሚለቀመው ፍም መስሎ ሲቀላ ነው። እሷ ግን «ከታች በኩል ትንሽ ቀላ ካለ ይበቃል፣ ልቀሙ» አለች። ጎረቤት ሳቀባት። «ኢፍቱ፣ ሐጂን ጥሬ ልታበያቸው ነው?» አሏት። መንገድ ላይ ካልቀላ የወቅቱ ምርት ከነጭራሹ ገደል ገባ ማለት ነው። ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ማሳውን ሁሉ አራገፈችው።

የሰኢድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መቼም ምርቃት ታውቃላችሁ፤ ገዢ «መርቂልኝ» ሲል ከላይ ጣል የሚደረግለት ማለቴ ነው። በዚያ መንደር ሳጥን አፉ ድረስ ሞላ ተብሎ አይተውም፤ ለሐጂ ክብር በላዩ ይቆለልበታል። እንግዲህ ሳጥን በሳጥን ላይ ሲደረብ ያ ቁልል ይፈርጣል፣ ጭማቂው ወርዶ የታችኛውን ያበሰብሳል። ይኸው ነው ስንት ዘመን ያዋረዳቸው፤ ቸርነታቸው! እኔን እስካሁን ያናድደኛል። ሰኢድ ሳንቃ ይዞ የሁሉንም ሳጥን ከአፉ እኩል ጠረገው። የእጮኛውን አባት የአባባ ዑመርን ሳጥን እንኳ አልማረም።

«በሰው አገር ንፉግ ልታስብለኝ?» ብለው ጮኹ አባባ ዑመር። «በል ስማ፣ ልጄን ላንተ አልድርም!»

ሰኢድ የሚቀጥለውን ሳጥን ጠረገ። የጠረገውን ምርቃት በጆንያ ሞልቶ ለአብዶሽ ሰጠው። «መንገድ ላይ ሽጠው። ገንዘቡ የየባለቤቱ ነው፣ እንዳትነካው» አለው።

አብዶሽ ድንበሩ ላይ ካለው ኬላ ሲደርስ መኪናው ተሰልፎ ቆሟል፤ የሰልፉ ራስ አይታይም። ንፋስ የለም፣ ሸራው በእጅ አይነካም። ቲማቲሙ እንደ ኢፍቱ ሐሳብ መንገድ ላይ ቀልቷል፤ እዚያ ከዋለ ግን ይቀቀላል። አብዶሽ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። በመጨረሻ ጆንያዎቹን ፈታና ከፊቱ ላሉት በጥም ለደረቁ ሾፌሮች ማደል ጀመረ።

«አቦ ብሉ! ምርቃት ነው!»

ሾፌሮቹ ጨው እየነሰነሱ በሉ፤ መረቁትም። ከዚያ አንድ በአንድ ዳር እየያዙ አሳለፉት። ጆንያው ባዶ ሆነ። ባለቤቶቹን የጠየቀ የለም።

ወደቡ ላይ ሐጂ ወበሪ ሳጥን አስከፍተው ቲማቲሙን ጫን ጫን አደረጉት፤ ከመርከቡ ቲማቲም ጎን አስቀመጡት። ፊታቸው ፈካ።

«ይሄ ይበልጣል። ከአሁን ወዲያ ዓመቱን ሙሉ እገዛለሁ» አሉ። «ግን ለሦስት ሰው አልደውልም፤ ውሉ በአንድ ሰው ስም ይሁን። እሱ የላከውን እቀበላለሁ፣ ያልላከውን እመልሳለሁ። ሌላ መርከብ ሊያራግፍ ነው፣ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

ስሙ የተጻፈለት ጌታ ሊሆን ነው፤ የቀሩት ደጁን ሊጠኑ። አብዶሽ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ለኢፍቱና ለሰኢድ ደወለ።

«ማሳውን በጥሬው ያራገፍኩት እኔ ነኝ» አለች ኢፍቱ። «ባይጠነክር ምን ልትጭኑ ኖሯል?»

«ሳይፈርጥ የደረሰው በኔ ነው» አለ ሰኢድ። «ትዳሬንም ያጣሁት እኔ ነኝ።»

«አቦ ተዉኝ!» አለ አብዶሽ። «ምርቃቱን ለሾፌሮቹ አድዬ ባላልፍ ኬላው ላይ ተቀቅሎላችሁ ነበር።»

ከሰኢድ ጀርባ የአባባ ዑመር ድምፅ መጣ። «የታደለው ምርቃት የማን ሆነና? መንገዱን የከፈተው የኛ ቲማቲም ነው! ውሉ በመንደሩ ስም ይጻፍ!»

«መንደር ስልክ አያነሳም፤ አንድ ስም ስጡኝ» አሉ ሐጂ።

እኔ አንዴ ለኢፍቱ እፈርዳለሁ፣ ሰኢድን ሳስብ ይከነክነኛል፣ ለእሱ ስፈርድ አብዶሽ ፊቴ ይመጣል፤ የአባባ ዑመርም ነገር ውሸት አይደለም። መርከቡ መልሕቁን ጥሏል፣ ሐጂ እስክሪብቶ ይዘው ቆመዋል። እናንተ ሰዎች ዝም አትበሉኝ! የማን ስም ይጻፍ?