የየሺመቤት ደጅና የቀኙ ፍሬቻ

በእኛ ሰፈር ተስፋ አድርጎ ሳይሳካለት ለቀረ ሰው የሚነገር አባባል አለ። ነገሩ ከመኪና እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ከየሺመቤት ደጅ መነሳቱን ግን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው።

የሺመቤትና ውብሸት በአንድ መደብ ተኝተው ያደጉ እህትና ወንድም ናቸው። እናታቸው ስትሞት ውብሸት በሹፌርነት ሩቅ አገር ነበርና ሳይጠብቁት ተቀበረች። «አፈር እንኳ ሳላለብሳት» ብሎ እህቱን ተቀየማት። በኋላ ደሴ ተመልሶ በአሮጌ መኪና ታክሲ ቢሠራም ደጇን አልረገጠም።

ሲመሻሽ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ በቅያሷ አፍ ያልፋል። አንድ ሰሞን እዚያ ሲደርስ ዝግ እያለ የቀኝ ፍሬቻ ማሳየት ጀመረ። ቤቷ በስተቀኝ ነው። የሺመቤት ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ ትላለች፤ መኪናዋ ግን ፍሬቻዋን እንዳበራች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። «አፍሮ ነው፤ ነገ ይገባል» ትላለች፣ እራቱን መልሳ እየከደነች።

አንድ ቀን አላስቻላትም፤ መንገድ ገብታ አስቆመችው። ጎረቤቷ ጋሽ እንድሪስ ከደጃቸው ሆነው ያያሉ።

«ወንድምዓለም፣ እገባለሁ እያልክ ለምን ታልፋለህ?»

«መቼ አልኩ?»

«ፍሬቻህ ነዋ የሚለው።»

ወርዶ አየ፤ ጠፍቷል። «እስቲ ፍሬን ርገጪልኝ» አላት። በእሱ ወንበር ተቀምጣ ረገጠችለት። በራ። ከመስታወቱ ማዶ ጎንበስ ያለ ፊቱን ቢጫው ብርሃን አሳያት፤ ጢሙ ሸብቷል።

«ሽቦ ተነካክቶ ነው» አለ። «ፍሬን ስይዝ ራሱ ይበራል።»

«ከወረድክ አይቀር እራት ደርሷል።»

እናቱ ትቀመጥበት የነበረውን ደፍ አየት አደረገ። «ሰው ይጠብቀኛል» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ መኪናዋን ጋራዥ አስገባት። ኤሌትሪሻኑ አምፖሉን ቀየረ፣ ፊውዙን ቀየረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ የኋላውን ምንጣፍ ሲገልጥ የፍሬኑና የፍሬቻው ሽቦ ላስቲካቸው ተልጦ ተጣብቀው አገኛቸው። ለየብቻ ጠቀለላቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ምንም ሳታሳይ ታልፍ ጀመር።

የሺመቤት ግን በዚያ ሰዓት ደጅ መውጣቷን አልተወችም።

«ምነው ልጄ፣ ተሠራ አይደል እንዴ?» አሏት ጋሽ እንድሪስ።

«ሳይሠራ ቢቀር ይሻለኝ ነበር፣ ጋሼ። ሲበራ ሳይ መጣልኝ እል ነበር።»

ሽማግሌው ያለፈችውን መኪና እስክትሰወር በዓይናቸው ሸኟትና፣ «አይ ልጄ» አሏት በቀስታ፣ «ፍሬቻ ያሳየ ሁሉ አይታጠፍም።»